ቀረጡ «በምን?» ብሎ ይጠይቅ

የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ ስለ ክሮሚየም ምን አገባው የሚሉኝ ጓደኞች እንዳሉ ዐውቃለሁ። ይሁን እንጂ ጉዳዩ የቀመር ብቻ አይደለም፤ የቀረጥና የሕግም ነው፤ ሕግ ማንበብ ደግሞ ለእኛም አልተከለከለም።

ትንሹ አቃቂ ከወጨጫ በኩል ተነሥቶ በኮልፌ ቀራንዮ አድርጎ ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳል። በወንዙና በገባሮቹ ዳር ቆዳ ፋብሪካዎች ተተክለዋል፤ ከታች ገበሬው በዚያው ውሃ ጎመንና ሰላጣ ያጠጣል፤ ጎመኑም ወደ ገበያችን ይመጣል። ቆዳ ሲለፋ ጠጕሩ የሚነቀለው በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ ነው፤ ያ የተበላሸ እንቍላል የሚመስለው ሽታም ከዚህ ይመጣል። ቀጥሎ ክሮም ይገባል። በተለመደው አሠራር ቆዳው የሚይዘው ከክሮሙ ሁለት ሦስተኛውን ያህል ሲሆን፥ የቀረው ከእጣቢው ጋር ይወጣል። በእርግጥ ለማልፊያ የሚውለው ክሮሚየም ሦስት እንደ ክሮሚየም ስድስት መርዘኛ አይደለም፤ ሆኖም ጎመን ይጠጣበት ብሎ የመከረ ሰው የለም።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ማበረታቻን አልረሳም። ብክለትን ለመቆጣጠር የሚመጣ አዲስ መሣሪያ ከጉምሩክ ቀረጥ ነጻ እንዲሆን ይፈቅዳል፤ ነባር ፋብሪካ ብክለት የሚቀንስ ዘዴ ቢያስገባ የሚያገኘውን ግን ለደንብ ይተወዋል። መልካም ነው። ነገር ግን መሣሪያው ባብዛኛው ቆሻሻው ከወጣ በኋላ በቧንቧው ጫፍ ቆሞ የሚጠብቅ ነው። በሰልፋይድ ፈንታ ኤንዛይም የገዛ ፋብሪካ ቆሻሻውን ሳይፈጠር አስቀርቶታል፤ ኤንዛይም ግን መሣሪያ አይደለምና የአዋጁ ቃል አይደርስለትም።

መንግሥት በግብር ባለፋብሪካን ማዞር ይችላል ወይ ለሚል፥ ችሎ አሳይቷል። በ2000 ዓ.ም. ወደ ውጭ በሚላክ ጥሬና በከፊል በለፋ ቆዳ ላይ 150 በመቶ ግብር ጣለ፤ በ2004 ዓ.ም. ክረስት የሚባለውን ጨመረበት። ባለፋብሪካውም ወዳለቀለት ቆዳ ዞረ። ይኸውም ማቅለሙና ማስዋቡ ከነኬሚካሉ ወደ እኛ ወንዝ መጣ ማለት ነው። ግብሩ «ቆዳውን እስከ የት ታደርሰዋለህ?» ብሎ ጠየቀ እንጂ «በምን?» አላለም።

እኔ የምለው ይህንኑ ሁለተኛውን ጥያቄ ቀረጡ ይጠይቅ ነው። ለሰልፋይድ ይክበድ፤ ለኤንዛይም ይቅለል። ክሮሙን ከእጣቢው መልሶ ለሚጠቀም ግብር ይመለስለት፤ የሚመለሰው ግን በተስፋ ቃል ሳይሆን ከቧንቧው በተቀዳ ውሃ ልክ ይሁን። መንግሥት ለወታደርና ለፖሊስ ጫማ ሲገዛም ዋጋውን ብቻ አይመልከት።

አያቶቻችን በእንቧይ ያለፉ ነበር። ወደዚያ እንመለስ አልልም፤ በዕፅ የለፋ ቆዳ ጊዜ ይፈጃል፤ ለጫማ ሶል እንጂ ለጓንት አይመችም። ግን በአዊ፥ በፋግታ ለኮማ፥ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ግራር ለከሰል ይተክላል፤ በደቡብ አፍሪካ የዚሁ ዛፍ ዘመድ ቅርፊት ለቆዳ ማልፊያ ተጨምቆ ለዓለም ይሸጣል። የእኛስ ቅርፊት የሚጨመቅበትን ፋብሪካ ለሚያቆም ሰው ጥቂት ዓመት የግብር እፎይታ ቢሰጠው ግምጃ ቤቱ ምን ይጎድልበታል?

ቅጣት ይበቃል የሚሉ አሉ። ቅጣት በአዋጁም አለ፤ ግን በጽኑ ከተፈጸመ ሠራተኛው እንጀራውን ያጣል ተብሎ ይፈራል፤ ካልተፈጸመ ደግሞ ወረቀት ነው። ቀረጥ ግን ዕቃው ገና ጉምሩክ ሳለ ይከፈላል። የሚቀረው የመለካቱ ሥራ ነው፤ ለዚህም የኬሚስትሪ ክፍል ጓደኞቻችን ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ርእስ ሲፈልጉ ወንዙ ሩቅ አይደለም።