ንጹሕ መሬት ስንት ያወጣል?

የሐዋሳ ሐይቅ ውኃውን የሚያወጣለት ወንዝ የለውም። ከፋብሪካና ከከተማ የሚወርደው ፍሳሽ በጨለለቃ ረግረግና በጥቁር ውኃ ወንዝ በኩል አንዴ ከደረሰበት ወዲያ መሄጃ አያገኝም። ስለዚህ የተበከለ መሬት ለማጽዳት ምን ያህል ገንዘብ ይገባል ብሎ መጠየቅ ለእኛ ለሐዋሳ ተማሪዎች የፈተና ጥያቄ ብቻ አይደለም።

የኢኮኖሚክስ ምሁራን ለዚህ አንድ መለኪያ አላቸው። ለምሳሌ 10,000 ሰው የሚኖርበት ሰፈር ቢጸዳና በዓመት አንድ ሰው ይገድል የነበረው አደጋ ቢወገድ፣ እያንዳንዱ ነዋሪም ለዚሁ 100 ብር ለመክፈል ቢፈቅድ፣ የአንድ ሕይወት መትረፍ በ1,000,000 ብር ተገመተ ይላሉ። ማንም የማንንም ነፍስ አልሸጠም፤ የተለካው ሰው ከትንሽ አደጋ ለመዳን የሚሰጠው ዋጋ ነው።

ስሌቱን አንንቅም። ዳሩ ግን ጉድለቱን አይተን ዝም ብንል የተማርነው ለምንድን ነው? ባለጸጋው 1,000 ብር ሲል ድኻው 10 ብር ቢል፣ ኪሱ ባዶ ሆኖ እንጂ ጤናውን ንቆ አይደለም። በዚህ ሚዛን ብቻ ከተኬደ ግን ሁልጊዜ ቀድሞ የሚጸዳው የባለጸጋው ሰፈር ይሆናል።

የድኻው ሰፈር ሲዘገይ ምን እንደሚመጣ በአዲስ አበባ ታይቷል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። በክምሩ ሥር ያኖራቸው ችግር እንጂ ምርጫ አልነበረም። የሐዘን ቀን የታወጀውና እርዳታ የተሰበሰበው ከዚያ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

እንግዲህ መምህራኖቻችንና ጓደኞቻችን ለጥናት ወደ ጥቁር ውኃ ሲወርዱ «ስንት ብር ይከፍላሉ?» ብለው ብቻ እንዳይመለሱ አደራ እንላለን። «ስንት ቀን በጉልበትዎ ይሠራሉ? ልጅዎ ስንት ጊዜ ታመመ? ለሕክምና ምን ሸጡ?» ብለውም ይጠይቁ። ከፋዩ ማን መሆን እንዳለበትም አይርሱ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ የበከለው ያጽዳ፣ ወይም የማጽጃውን ወጪ ይክፈል ሲል ደንግጓል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44ም ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ መኖር የሁሉም ሰው መብት ነው ይላል።

መብት ከሆነ ዘንድ በኪስ ሊመዘን አይገባውም።