ከጨረታው ቀን በፊት

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በሚኖረው ኢትዮጵያዊ ዘንድ ባንክረፕሲ፣ ማለትም ዕዳውን መክፈል ያቃተው ሰው ለፍርድ ቤት የሚያቀርበው አቤቱታ፣ በሹክሹክታ የሚወራ ጉዳይ ነው። የሞርጌጁ ውዝፍ ሲከማች፣ ዕዳ ሰብሳቢው ስልኩን ሲያጨናንቀው፣ ብዙው ሰው ነገሩን ከዘመድም ደብቆ ይከርማል። እፍረቱ ዋጋ ያስከፍላል፤ ቤቱ በጨረታ ከተሸጠ በኋላ የሚቀርብ አቤቱታ በአብዛኛው ቤቱን አያስመልስም።

በጊዜ ለደረሰ ግን ሕጉ ብርቱ ጋሻ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያመለክት ሰው አቤቱታው እንደተመዘገበ የደመወዝ ቆረጣው፣ የስልክ ወከባውና ጨረታው ይታገዱለታል። የልጅ ቀለብ ግን አይቆምም።

መዝገቡ የት ይከፈታል? የክሬዲት ካርድ ክስ የሚታይበት የካውንቲ ፍርድ ቤት ይህን አቤቱታ አይቀበልም። ጉዳዩ የፌዴራል ነው፤ ቦታውን የሚወስነውም አመልካቹ ካለፉት 180 ቀናት አብዛኛውን የኖረበት አካባቢ ነው። የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ ወደ ግሪንቤልት፣ የአሌክሳንድሪያ ነዋሪ እዚያው አሌክሳንድሪያ፣ የዲሲ ነዋሪ ደግሞ ዋሽንግተን ወዳለው ፍርድ ቤት ይሄዳል። ቅጾቹ ከፌዴራል ፍርድ ቤቶች ድረ ገጽ በነፃ ይገኛሉ።

ንብረት ተሸጦ ዕዳ ለሚሰረዝበት የባንክረፕሲ ሕግ ምዕራፍ 7 የመዝገብ ማስከፈቻው 338 ዶላር፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ዕቅድ ለሚከፈልበት ምዕራፍ 13 ደግሞ 313 ዶላር ነው። አቅም ያነሰው በየጊዜው ከፋፍሎ እንዲከፍል ሊፈቀድለት ይችላል። ከማመልከቱ በፊት ባሉት 180 ቀናት ውስጥ ግን የዕዳ ምክር ትምህርት መውሰድ ግዴታው ነው።

አደጋው ያለው ቅጹ ላይ ነው። አመልካቹ ያለውን ሁሉ፣ አዲስ አበባ በስሙ ያለውን ኮንዶሚኒየምና ገና ያልደረሰውን ዕቁብ ሳይቀር፣ ሐሰት ቢሆን በሚያስቀጣ ቃል ይዘረዝራል። ከማመልከቱ በፊት በነበረው አንድ ዓመት ለወንድሙ የመለሰው ብድርም ይጠየቃል፤ መዝገቡን እንዲከታተል የሚመደበው ባለአደራ ገንዘቡን ከወንድሙ ላይ ሊያስመልስ ይችላል። የዘመድ ዕዳ ይቅደም ያለ ደግ ሰው ሳያውቅ ወንድሙን ለክርክር ይዳርጋል።

ይህን አስቀድሞ የሚያስጠነቅቀው ጠበቃ ነው። ጠበቃ ሳይሆን በክፍያ ቅጽ የሚሞላ ሰው የሕግ ምክር እንዳይሰጥ ተከልክሏል፤ በሞላው ቅጽ ላይም ስሙን መፈረም አለበት። መፈረም ከማይፈልግ ሰው መራቅ ነው።

ስለዚህ ዕድሮች፣ የኮሚዩኒቲ ማኅበራት፣ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች የየአካባቢውን ፍርድ ቤት አድራሻ፣ የነፃ የሕግ ድጋፍ ሰጪዎችን ስልክ፣ አመልካቹ ካመለከተ በኋላ ከባለአደራው ጋር በሚያደርገው ስብሰባ አስተርጓሚ በነፃ እንደሚገኝም ጭምር በአማርኛ ጽፈው ለአባሎቻቸው ያድርሱ።