አሰልጣኙ ይሰናበታል፣ ቀጣሪውስ?

ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያነሳ አሰልጣኙ ሥዩም ከበደ እንደነበሩ ለጎንደር ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። የአምበሉን የያሬድ ባየህን ስም፣ የሙጂብ ቃሲምን 20 ጎሎች ሕፃን ልጅ እንኳ ቆጥሮ ይነግርዎታል። ግን አንድ ጥያቄ ይጠየቅ። ሥዩምን መርጦ ወደ ጎንደር ያመጣቸው ማን ነው? በቀጣዩ የውድድር ዘመን መሃል እንዲለያዩ የወሰነውስ? እዚህ ላይ ፒያሳም፣ አራዳም፣ አዘዞም ዝም ይላል። “ክለቡ ነዋ!” ከማለት በቀር ስም ጠርቶ የሚመልስ አይገኝም።

ጣጣው ያለው እዚሁ ላይ ነው። በአገራችን እግር ኳስ አሰልጣኝ በስሙ ይቀጠራል፣ በስሙ ይወደሳል፣ በስሙ ይሰደባል፣ በመጨረሻም በስሙ ይሰናበታል። የቀጠረው ግን ስም የለውም። ምርጫው ሲሰምር “የክለቡ አመራር ባደረገው ክትትል” ይባላል፤ ሲከሽፍ ደግሞ ጥፋቱ የአሰልጣኙ ብቻ ይሆናል። ስህተቱን የፈጸመ ሰው ካልታወቀ ስህተቱ መደገሙ አይቀርም። እየተደገመም ነው።

የፋሲልን ጉዞ ወደ ኋላ ተመልሶ ማየት ጥሩ ነው። በ1960 ዓ.ም የተመሠረተው ክለብ ብዙ ውጣ ውረድ አይቶ በ2008 ዓ.ም ወደ ፕሪሚየር ሊጉ አለፈ። በዚያው ዓመት ሌላው የጎንደር ክለብ ዳሽን ቢራ ከሊጉ ወረደ፤ ከዚያም ፈረሰ። እናም የጎንደር ሰው ክለብ የሚባል ነገር ዛሬ ኖሮ ነገ ሊጠፋ እንደሚችል በዓይኑ አይቷል። ያቺ ከተማ የቀራት ተስፋ አፄዎቹ ብቻ ነበሩ።

በ2011 ዓ.ም አሰልጣኝ ውበቱ አባተ መጡ። ፋሲል በዚያ ዓመት ማራኪ ኳስ ተጫውቶ ለሊጉ ዋንጫ እስከ መጨረሻው ሳምንት ከመቀሌ 70 እንደርታ ጋር ተናነቀ። ሊጉን ለጥቂት ቢያጣም የኢትዮጵያ ዋንጫን ወስዶ በአፍሪካ መድረክ የመጫወት ዕድል አገኘ። ከዚያ ክለቡና ውበቱ ተለያዩ፤ ሥዩም ከበደ ተተኩ። የ2012 ውድድር በኮሮና ምክንያት ሲሰረዝ ፋሲል ከፊት ከነበሩት አንዱ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ጨዋታዎች እየቀሩት ሻምፒዮን ሆነ።

ልብ መባል ያለበት ሥዩም መጥተው ቡድኑን እንደ አዲስ አለማፍረሳቸው ነው። ያሬድ፣ ሙጂብ፣ ሱራፌል ዳኛቸው በውበቱም ጊዜ የነበሩ ናቸው። አንዱ የጀመረውን ሌላው ጨረሰው። ውበቱም ቢሆኑ አልከሰሩም፤ በዚያው በ2013 ዓ.ም ብሔራዊ ቡድናችንን ከስምንት ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አሳለፉ። መለያየት ሁልጊዜ ጥፋት አይደለም። በወቅቱ ከሆነ፣ ተተኪውም ታስቦበት ከመጣ፣ ሁለቱም ወገኖች ይጠቀማሉ።

ከዋንጫው በኋላ የሆነው ግን ሌላ ነው። ፋሲል በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ከሱዳኑ አል ሂላል ጋር ባህር ዳር ላይ 2 ለ 2፣ በመልሱ ደግሞ 1 ለ 1 ተለያይቶ ሳይሸነፍ ከሜዳ ውጭ በተቆጠረ ጎል ወደቀ። በ2014 የውድድር ዘመን መሃል ክለቡ ከሥዩም ጋር ተለያየና ምክትላቸው ኃይሉ ነጋሽ ቡድኑን ተረከቡ። ኃይሉ ቡድኑን እስከ መጨረሻው ቀን ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር አፎካክረው ሁለተኛ አደረጉ። ጥሩ ነው፤ ውሳኔው ልክ ነበር የሚል ካለ ማስረጃ አለው። ታዲያ ውሳኔው ልክ ከነበረ በቀጣዩ ዓመት መሃል ኃይሉም ለምን ተሸኙ? አሸናፊ በቀለ መጡ። ለ2016 የውድድር ዘመን ደግሞ ክለቡ ዞሮ ዞሮ ወደ ውበቱ አባተ ተመለሰ።

ሥዩም፣ ኃይሉ፣ አሸናፊ፣ ውበቱ። ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አራት ስም መሆኑ ነው። አራቱም ኳሱን የሚያውቁ፣ በሥራቸው የተከበሩ ባለሙያዎች ናቸው። ችግሩ የአሰልጣኝ እጥረት ቢሆን ኖሮ ከአራቱ አንዱ ይፈታው ነበር።

የእንግሊዝን ኳስ የሚከታተል ሁሉ የፈርጉሰንን ታሪክ ያውቀዋል። ከአሜሪካ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ የሚመጣው ታሪክ ግን ለዚህ ጉዳይ የበለጠ ይቀርባል። እዚያ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ዳይሬክተር አለው። አሰልጣኝ ይፈልጋል፣ ይመርጣል፣ ይቀጥራል፣ ያሰናብታል። በ1980 እ.ኤ.አ የዱክ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ዳይሬክተር የነበረው ቶም በተርስ ከጦር አካዳሚው ቡድን አንድ ወጣት አሰልጣኝ አመጣ። ማይክ ሸሼቭስኪ ይባላል። ይህ ሰው በመጨረሻው የአካዳሚው ዓመት 9 ጨዋታ አሸንፎ 17 የተሸነፈ ነበር። “ይሄን ከየት አመጣኸው?” ያላለ የለም።

ነገሩ ባሰ እንጂ አልተሻለም። ሸሼቭስኪ በዱክ ሁለተኛ ዓመቱ 10 አሸንፎ 17 ተሸነፈ። በሦስተኛው ዓመት 11 አሸንፎ 17 ተሸነፈ። ለዩኒቨርሲቲው ገንዘብ የሚሰጡ ደጋፊዎች “ይባረርልን” ብለው ጮሁ። በተርስ ምን አደረገ? በጥር 1984 እ.ኤ.አ አሰልጣኙን ጠርቶ አዲስ የአምስት ዓመት ውል ሰጠው። ሰውዬው የመጀመሪያ ዋንጫውን እስኪያመጣ ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ፈጅቷል። ግን ሲያመጣ አምስት አመጣ፤ በ1991፣ 1992፣ 2001፣ 2010 እና 2015 እ.ኤ.አ። በ2022 ጡረታ ሲወጣ በዱክ 42 የውድድር ዘመን ቆይቶ ነበር።

ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት “ታገሡ” ብቻ አይደለም። ትዕግሥትማ ያለ ዕውቀት ከሆነ ስንፍና ነው፤ የማይችል አሰልጣኝን ይዞ መቆየትም ክለብ ይገድላል። ዋናው ነገር በተርስ የሚባል ሰው መኖሩ ነው። ምርጫው የእሱ ነበር፤ ሁሉም ያውቅ ነበር። ሸሼቭስኪ ቢወድቅ በተርስም አብሮ ይወድቅ ነበር። ስለዚህ ከውጤቱ ባሻገር የልምምዱን ጥራት፣ የተጫዋቾቹን ዕድገት፣ የአሰልጣኙን ባሕርይ ቀርቦ ከማየት ሌላ አማራጭ አልነበረውም። ጩኸት ሲነሳ ከጩኸቱ ጋር አብሮ ያልሮጠው የሚያየውን ስለሚያውቅ ነው።

“ያ አሜሪካ ነው፣ እኛ ጋ አይሠራም” የሚል ይኖራል። እሺ፣ እዚሁ እንምጣ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ያሳደጉት አሰልጣኝ በፀሎት ልዑልሰገድ ናቸው። ክለቡ “አሁንማ ትልቅ ሊግ ገባን፣ ትልቅ ስም እናምጣ” አላለም። በዚያው ሰው ቀጠለ፤ በ2016 ዓ.ም ሻምፒዮን ሆነ። ኢትዮጵያ መድንም ገብረመድኅን ኃይሌን ይዞ በ2017 ዓ.ም ዋንጫውን አነሳ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በየጊዜው የውጭ አሰልጣኝ ሲያመላልስ ከቆየ በኋላ በ2014 ዓ.ም ወቅቱ ሳይጋመስ ሰርቢያዊውን ሸኝቶ ቡድኑን ለዘሪሁን ሸንገታ ሰጠ። ዘሪሁን በተከታታይ ሁለት ዓመት ሻምፒዮን አደረጉት።

የተገላቢጦሹም አለ። ገብረመድኅን ኃይሌ በ2010 ዓ.ም ጅማ አባ ጅፋርን ሻምፒዮን አደረጉ። ከዚያ ወደ መቀሌ 70 እንደርታ ሄደው በ2011 ዓ.ም እዚያም ዋንጫ አነሱ። ጅማስ? በ2014 ዓ.ም ከሊጉ ወረደ። የጅማን ውድቀት በአንድ አሰልጣኝ መሄድ ብቻ መተርጎም አይቻልም። ነገር ግን ሻምፒዮን ያደረገህን ሰው ባሸነፍክ ማግሥት ማጣት፣ ዋንጫውን ማን እንዳመጣው ያለማወቅ ምልክት ነው።

የከተማ ክለቦች ነገር ደግሞ የባሰ ነው። በአብዛኞቹ ቦርዱን የሚመራው ከንቲባው ወይም ሌላ የከተማው ባለሥልጣን ነው። ሰውዬው የከተማው ውኃ፣ መንገድ፣ ጸጥታ ሁሉ በእጁ ነው፤ ኳሱን የሚያስበው በትርፍ ሰዓቱ ነው። ሹመቱ ሲነሳ ከቦርዱም ይነሳል። ትናንት ለአሰልጣኙ “ሦስት ዓመት እንሰጥሃለን” ያለው ሰው ዛሬ ሌላ ቦታ ነው፤ አዲሱ ተሿሚ የዚያ ቃል ዕዳ የለበትም። ሥራ አስኪያጁ ውሉን ይፈርማል እንጂ ምርጫው የእሱ ነው ማለት አይቻልም። ሦስት ጨዋታ ሲሸነፉና ደጋፊው ሲጮህ ደግሞ ለባለሥልጣን ቀላሉ መፍትሔ አንድ ደብዳቤ መጻፍ ነው።

የዚህ ደብዳቤ ዋጋ ስንት ነው? አዲስ አሰልጣኝ የራሱን ተጫዋቾች ይፈልጋል። የተጫዋቾች ውል አጭር ስለሆነ ክረምት በመጣ ቁጥር ግማሹ ቡድን ይወጣል፣ ሌላ ግማሽ ይገዛል። የተሰናበተው ቀሪ ደመወዙን ይጠይቃል፤ ካልተከፈለው ወደ ፌዴሬሽኑ ይሄዳል። ብሩ የሚወጣው ከከተማው ካዝና ነው። ማለትም ከቀበሌ 18 ነጋዴ ግብር፣ ከማራኪ ሻይ ቤት፣ ከአዘዞ ወፍጮ ቤት። ባለገንዘቡ ሕዝብ ገንዘቡ በማን ውሳኔ እንደወጣ የመጠየቅ መብት የለውም ወይ?

ሌላም ዋጋ አለ፤ ይኸኛው በሒሳብ መዝገብ ላይ አይታይም። ስድስት ወር ብቻ እንደሚቆይ የሚጠረጥር አሰልጣኝ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ አያሰልፍም። ምን በወጣው! የሚያድነው ነገ ሳይሆን የፊታችን እሑድ ነው። ስለዚህ ስሙ የታወቀ ተጫዋች ከሌላ ከተማ ይገዛል። ከደባርቅ፣ ከዳባት፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ደጋ ላይ በጨርቅ ኳስ የሚያድገው ልጅ፣ በዚያ ብርድና ቀጭን አየር ሳንባው የጠነከረው ልጅ፣ የሚያየው አጥቶ እዚያው ይቀራል። የሰሜን ጎንደርን ደጋ ዞሮ ተጫዋች የሚያፈላልግ አሰልጣኝ የሚገኘው ልጁ እስኪበስል ድረስ በወንበሩ እንደሚቆይ ሲያምን ብቻ ነው። አሰልጣኝ በየዓመቱ የሚለወጥበት ክለብ የራሱን ልጅ ለመድረስ ጊዜ የለውም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የሚጠየቀው ከባድ አይደለም። አንደኛ፣ ክለቡ እግር ኳስን የሚያውቅ፣ ሙሉ ጊዜውን በዚሁ ላይ የሚያውል አንድ የስፖርት ዳይሬክተር ይኑረው። አሰልጣኝ ሲፈለግ ዕጩዎቹን እሱ ያቅርብ፣ ለምን ይህኛውን እንደመረጠ በጽሑፍ ለቦርዱ ያስረዳ፣ ስሙም ይታወቅ። ሁለተኛ፣ ውሉ ላይ “ውጤት ካላመጣ” የሚለው ብቻ አይበቃም። በመጀመሪያው ዓመት ምን፣ በሁለተኛው ምን እንደሚጠበቅ፣ ከታዳጊ ቡድን ስንት ልጅ እንደሚያድግ፣ ተጫዋች ሲገዛ የመጨረሻው ቃል የማን እንደሆነ፣ ግምገማው መቼ እንደሚደረግ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ቦርዱ ዳይሬክተሩን ይቆጣጠር እንጂ አሰላለፍ አይጠይቅ። አንድ ዳይሬክተር ያመጣቸው ሁለት አሰልጣኞች ተከታትለው ከወደቁ የሚሰናበተው ሦስተኛው አሰልጣኝ ሳይሆን ራሱ ዳይሬክተሩ ይሁን።

“ደጋፊው አይታገሥም” የሚለው ሰበብም ይቅር። የጎንደር ደጋፊ ክለቡ ታች ሲሆንም ስታዲየሙን ሲሞላ የኖረ ነው። በ2013 ዓ.ም ውድድሩ በኮሮና ምክንያት በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባህር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ብቻ በተካሄደ ጊዜ ቡድኑን በፋሲለደስ ስታዲየም አንድ ቀን ሳያይ፣ በቴሌቪዥን ብቻ ተከትሎ ሻምፒዮን አድርጎታል። ከዚህ በላይ ትዕግሥት ከየት ይምጣ? ደጋፊው የሚቆጣው መሸነፉ ላይ ብቻ አይደለም፤ ነገ ምን እንደታሰበ የሚነግረው ሰው በመጥፋቱ ነው። እቅዱ ከተነገረውና የሚጠይቀው ሰው ካለው፣ መቆጣቱን ይቆጣል፣ ግን ይጠብቃል።

አዲስ አሰልጣኝ በተቀጠረ ቁጥር አንድ ፎቶግራፍ ይወጣል። አሰልጣኙ ማሊያ ይዞ ፈገግ ይላል፤ አጠገቡ ሱፍ የለበሰ ሰው እጁን ይጨብጠዋል። ከፎቶው ሥር የሚጻፈው ያሰልጣኙ ስም ብቻ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ የጨባጩም ስም ይጻፍ። አሰልጣኙ የሚሸኝበት ቀን ሲመጣ ያው ፎቶ ይውጣ፤ ጥያቄውም ለሁለቱም ይቅረብ።