«4ኬ» ብሎ 13 ኪሎ፦ ስለ ጎደለው ኩንታል

ዛሬ ስለ ማዳበሪያ ወይም ስለ ጤፍ ዋጋ የምጽፍ መስሏችሁ ከከፈታችሁት ይቅርታ። የምጽፈው ስለ ቴሌቪዥንና ስለ ጌም ነው። ግን አትዝለሉት፤ ነገሩ የገንዘብ ነው፣ የሕግም ነው።

ያለሁት ሮቤ ነው። የአርሲውን ማለቴ ነው፤ ሮቤ ሲባል ሁሌ ባሌ የሚሄድ አይጠፋም። እዚህ ፕሌይስቴሽን እያጫወተ የሚተዳደር ጓደኛ አለኝ። አንድ ጠባብ ክፍል፣ ሁለት ቴሌቪዥን፣ አንድ ፒኤስ 3፣ አንድ ፒኤስ 4 እና አግዳሚ ወንበር፤ ንብረቱ ይኸው ነው። ከትምህርት ቤት የተለቀቁ ልጆች በጨዋታ እየከፈሉ ኳስ ይጫወታሉ። ባለፈው ክረምት እቁብ ሲወጣለት፣ ጥጉ የጠቆረውን አሮጌ ቴሌቪዥን አውርዶ አሰላ ከሚገኝ አንድ ሱቅ ባለ 32 ኢንች «4ኬ ስማርት» ገዛ። ካርቶኑ 4ኬ ይላል፣ የስክሪኑ ጥግ 4ኬ ይላል፣ ሲበራም 4ኬ ብሎ ሰላም ይላል።

በሁለተኛው ቀን ልጆቹ «የድሮው ይሻል ነበር» አሉት። የተጫዋቾቹ ስም በደንብ አይነበብም፤ የመስመሩ ጠርዝ ሁሉ የተቦጨቀ ነው፤ ጆይስቲኩን ተጭነው አጥቂው ዘግይቶ ነው የሚመታው። አንዱ ልጅ ተናዶ የከፈለውን መልስልኝ እስከማለት ደረሰ።

ጓደኛዬ የጠራው እኔን ነው። ጋዜጠኛ ሁሉን ያውቃል የሚል እምነት አለው፤ ላፈርሰው አልፈለግኩም። ላፕቶፔን በኤችዲኤምአይ ሰካሁና አንድ መስመር ጥቁር፣ አንድ መስመር ነጭ እየተፈራረቀ የሚሄድ፣ 1920 በ1080 የሆነ ምስል ከፈትኩ። ከዚያ በፊት ቴሌቪዥኑ የምስሉን ጠርዝ ቆርጦ እንዳይለጥጥ የሚያደርገውን ማስተካከያ አበራሁ፤ ይህ ካልተደረገ ጥሩ ቴሌቪዥንም በፈተናው ይወድቃል። ሐቀኛ ስክሪን ቢሆን መስመሮቹ አንድ በአንድ ይታዩ ነበር። ያየነው ግን የተንጋደደ ግራጫ ሞገድ ነው። በጀርባው ያለውን የሞዴል ቁጥር ስንፈልግ ነገሩ ለየለት፦ 1366 በ768።

ሂሳቡን እንሥራ። ስክሪን ፒክስል በሚባሉ ነጥቦች የተሠራ ነው። እውነተኛ 4ኬ 3840 በ2160 ነው፤ ሲባዛ 8,294,400 ነጥብ ይሆናል። ጓደኛዬ የተሰጠው 1,049,088 ነው። ከስምንት እጅ አንድ እጅ መሆኑ ነው። በሮቤ ገበያ ቋንቋ ስናገር፣ አንድ ኩንታል ስንዴ ብሎ 13 ኪሎ ገደማ ሰጠው። በዚህ ከተማ 95 ኪሎውን ኩንታል ነው ብሎ የሸጠ ነጋዴ ምን እንደሚደርስበት እናውቃለን። በ13 ኪሎው ግን ማንም አልጮኸም።

ስቲከሩን የሚለጥፉት ማምለጫ አላቸው። የቴሌቪዥኑ ቺፕ 4ኬ ቪዲዮ ይቀበላል፤ ይቀበልና ወደ አንድ ሚሊዮን ነጥብ ጨፍልቆ ያሳያል። መቀበልና ማሳየት አንድ ነው ብለው ይከራከሩናል። በሩ ሰፊ ስለሆነ ጎተራው ሰፊ ነው እንደማለት ነው።

እዚህ ላይ ከሌላ ወገን ጋር መጣላቴ ነው። ጌም የሚያውቁ ጓደኞቼ «ዋናው ሌባ አፕስኬሊንግ ነው፤ የተፈጠረ ነጥብ ሁሉ ውሸት ነው» ይላሉ። አልስማማም። ትንሽን ምስል ወደ ትልቅ ስክሪን ማሳደግ በራሱ ማጭበርበር አይደለም፤ ጥያቄው ማን፣ እንዴት ያሳድገዋል የሚለው ነው።

የፒኤስ 3 የኳስ ጌም ሥዕሉ 1280 በ720 ነው። እውነተኛ 4ኬ ላይ እያንዳንዱ ነጥብ ሦስት በሦስት ሆኖ በዘጠኝ ነጥብ ላይ ልክ ይቀመጣል፤ አንዷ ከጌሙ የመጣች ናት፣ ስምንቷ ሙሌት ናት፣ ግን ሒሳቡ አይዛነፍም። የጓደኛዬ ስክሪን ላይ ሲመጣ ግን 720ው መስመር 768 መሆን አለበት። 15 መስመር ወደ 16 መለጠጥ ማለት ነው። አንዷን መስመር የት ይጨምራት? ሁሉም ላይ ትንሽ ትንሽ ይቀባታል፤ ጠርዙ የሚደበዝዘው ለዚህ ነው። ፒኤስ 4 ላይ ደግሞ ይብሳል፦ 1080 መስመር አድርጎ የላከው ወደ 768 ይጨመቃል፤ የተጫዋቹ ስም የሚጠፋው እዚያ ላይ ነው። ይህን ሁሉ ርካሹ ቺፕ ሲሠራ፣ በላዩ ላይ «ማሳመሪያ» ሲጨምር ጊዜ ይፈጃል፤ አጥቂው የሚዘገየውም ከዚሁ የተነሳ ነው።

ኤንቪዲያ በ2018 እ.ኤ.አ. ያመጣው ዲኤልኤስኤስ እና ኤኤምዲ በ2021 ያመጣው ኤፍኤስአር ሌላ ነገር ናቸው። የመጀመሪያው ዲኤልኤስኤስ እኔንም አላሳመነኝም፤ ብዥታ ይበዛው ነበር። ከ2020 ወዲህ ያለው ግን ካለፉት ምስሎች ይማራል፣ ጌሙ ራሱም ኳሷ ወዴት እየሄደች እንደሆነ ይነግረዋል። የሰፈራችን ቴሌቪዥን ይህን ከየት ያመጣዋል? የደረሰውን ሥዕል ብቻ ነው የሚያየው። ኤፍኤስአር ደግሞ አሮጌ ካርድ ላይም ስለሚሠራ፣ አዲስ መግዛት ለማይችል ልጅ ትልቅ ነገር ነው። ከሁሉ በላይ ግን አልተደበቀም። በጌሙ ማስተካከያ ውስጥ «ፐርፎርማንስ» ብለህ ስትመርጥ፣ ዲኤልኤስኤስ ለ4ኬ ስክሪን ሥዕሉን በ1080 ሠርቶ እንደሚያሳድገው ይታወቃል። ሩቡን ሠራሁ፣ የቀረውን ገመትኩ ይልሃል። መርጠህ ነው የምትገባው።

ትልልቆቹም ቢሆኑ ንጹሕ አይደሉም። ፒኤስ 5 በ2020 ሲወጣ ካርቶኑ ላይ 8ኬ ተጽፎ ነበር፤ በ2024 ጽሑፉ ከካርቶኑ ላይ ጠፋ። ሶኒ እንኳ እንዲህ ካደረገ፣ ስሙን ሰምተነው የማናውቀው ብራንድ ምን እንደሚያደርግ አስቡት።

«የልጆች ጨዋታ ነው» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ለልጆቹ ጨዋታ ነው፤ ለጓደኛዬ የቤት ኪራይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው የት እንደደረሰ ለእናንተ አልነግራችሁም። በዚህ ዋጋ ላይ የውሸት ስቲከር ሲጨመርበት ቀልድ መሆኑ ያበቃል።

«ገዢው አይቶ አይገዛም ወይ?» የሚለው ደግሞ ያናድደኛል። ሱቅ ውስጥ የሚታየው ከፍላሽ የሚጫወት፣ ቀለሙ የሚያብለጨልጭ የዓሣና የአበባ ቪዲዮ ነው። በዚያ ቪዲዮ አንድ ሚሊዮንንና ስምንት ሚሊዮንን በ32 ኢንች ላይ እኔም አልለይም። ሕጉም ገዢው ነጥብ ይቁጠር አላለም። በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። «4ኬ» ትክክለኛ መረጃ ነው? ለሚዛን ተቆጣጣሪ የሚልክ የንግድ ቢሮ፣ ካርቶን ላይ የስክሪኑ ትክክለኛ ቁጥር በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ እንዲጻፍ ማስገደድ ምን ያቅተዋል? አንድ መስመር ነው፦ «የስክሪኑ ነጥብ 1366 በ768»። ከዚያ በኋላ የፈለገ ይግዛው። በተመጣጣኝ ዋጋ ለዜና መስሚያ የሚሆን ዕቃ ነው፤ እኔም ለእናቴ እገዛው ነበር።

ሱቁ ዕቃውን መልሶ አልተቀበለም። «ስቲከሩን እኛ አልለጠፍነውም» ብሎ መለሰለት። ጓደኛዬ አሁን ያን ቴሌቪዥን ለፒኤስ 3ው ብቻ አድርጎታል። «ጌም ሞድ» የሚለውን አብርተን፣ «ሻርፕነስ»ን ወደ ዜሮ ስናወርደው መዘግየቱ ቀንሷል፤ ብዥታው ግን አለ። ፒኤስ 4ቱ ጥጉ ወደጠቆረው አሮጌ ቴሌቪዥን ተመልሷል። ማዕዘን ምት ሲመታ ኳሷ ለአፍታ ትጠፋለች፣ ልጆቹ ግን ያንን ወረፋ ነው የሚጠብቁት።

እንዲህ ዓይነት ቴሌቪዥን የገዛችሁ፣ የካርቶኑን ፊት፣ በጀርባ ያለውን የሞዴል ቁጥርና ደረሰኛችሁን ፎቶ አንስታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ስማችሁንና ስልካችሁን ሸፍኑት። አሰብስቤ አሰላ፣ ወደ ዞኑ ንግድ ጽሕፈት ቤት ይዤው እሄዳለሁ፤ የሚሰጡኝን መልስ እዚሁ እለጥፈዋለሁ።