በግርጌ የቀረው ቁጥር

ሥራ ከያዝን ወዲህ በየስብሰባው የምናየው ነገር አለ፤ ይኸውም ወጣቱ ባለሙያ ጀርባውን ለአለቆቹ፥ ፊቱን ለግድግዳው ሰጥቶ በፓወርፖይንት ያሰፈረውን ማንበቡ ነው። (እኛም ከዚህ ነጻ አይደለንም።) ነገሩ የሚያሳፍር ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍነው ነበር።

ጥር 8 ቀን 1995 ዓ.ም. ኮሎምቢያ የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኰራኵር ስትነሣ፥ ከነዳጅ ጋኗ የተላቀቀ ስፖንጅ መሰል ሽፋን ግራ ክንፏን መታው። መንኰራኵሯ ገና በጠፈር ሳለች የቦይንግ መሐንዲሶች ጉዳቱን መርምረው ለናሳ ሹማምንት መግለጫ አቀረቡ። የአንዱ ገጽ ርእስ የሚያረጋጋ ነበር፤ በግርጌው በደቃቅ ፊደል ግን የቁራጩ መጠን 1920 ኪዩቢክ ኢንች ሲሆን ቀድሞ በሙከራ የታየው 3 ብቻ መሆኑ ተጽፏል። 640 እጥፍ ማለት ነው! ጥር 24 ቀን መንኰራኵሯ ስትመለስ ተበታትና ሰባቱም ተጓዦች ሞቱ። መርማሪው ቦርድ በዚያው ዓመት ባወጣው ሪፖርት ያንን ገጽ ለይቶ ነቅፎታል።

በእኛ አስተያየት መሐንዲሶቹ አልዋሹም፤ እውነቱን የጻፉት ዐይን በማያርፍበት ስፍራ ነው። አለቃ ቅር እንዳይለው ብሎ መጥፎውን ቁጥር ወደ ታች መግፋት በየቢሮው እንደ ትሕትና ይቈጠራል። ለማክሰኞ ያዘጋጀነውን መግለጫ ትናንት ብንገልጠው፥ የጐደለው ሒሳብ ዐሥራ አንደኛው ገጽ ላይ ተሸሽጎ አገኘነው።