«ደብተሩ ባዶ ነው»



ሐምሌ የባነር ወር ነው። ከሀይሌ ጋርመንት አደባባይ ተነስታችሁ ወደ ጀሞ ወይም ወደ ለቡ ብትሄዱ፣ በየአጥሩና በየምሰሶው ላይ ዝናብ የሚያጥበው የትምህርት ቤት ማስታወቂያ ታያላችሁ። «ምዝገባ ጀምረናል»፣ «ሰፊ ግቢ»፣ «የሰርቪስ አገልግሎት»፣ «ልምድ ያላቸው መምህራን»። አሁን አሁን ደግሞ አንድ ቃል ተጨምሯል፤ «ኢንኳየሪ ቤዝድ ለርኒንግ»።

የእኔ እንጀራ ማርኬቲንግ ነው። ባነር ላይ የሚወጣ ቃል እንዴት እንደሚመረጥ አውቃለሁ። ደንበኛው በደንብ የማያውቀው፣ ሲሰማው ግን ደስ የሚለው ቃል ጥሩ ይሸጣል። ስለዚህ በዚህ ወር የማወጋችሁ ስለዚሁ ቃል ነው። ምን ማለት ነው? አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ላስገባው ቢል ምን ያስፈልገዋል? እኛ ወላጆችስ ለምን የመጀመሪያው እንቅፋት እንሆናለን?

ሽንኩርት ለምን ይወደዳል?

ቃሉ ሲፈታ ቀላል ነው፤ በጥያቄ የሚመራ ትምህርት ማለት ነው። በለመድነው መንገድ መምህሩ መልሱን ይናገራል፣ ልጁ ይገለብጣል፣ ፈተና ላይ ይመልሳል። በዚህኛው ጥያቄው ይቀድማል። ልጆቹ ግምታቸውን ይናገራሉ፣ መረጃ ይሰበስባሉ፣ ይሞክራሉ፣ ያገኙትን ከግምታቸው ጋር ያስተያያሉ፣ በመጨረሻም ለሌላው ያስረዳሉ። የመምህሩ ሥራ ተለወጠ እንጂ አልቀነሰም። እንዲያውም በዛ።

ምሳሌ ልስጣችሁ። ልጄ የ3ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ትምህርት ቤቷ ባለፈው መንፈቅ ዓመት ይህን ዘዴ በእነሱ ክፍል ሞክሮ ነበር። መምህርቷ ይዛ የገባችው ጥያቄ ከሰፈራችን የተነሳ ነው። እንደምታውቁት የፒያሳው አትክልት ተራ በኮሮና ጊዜ ወደ ጃንሜዳ ተዛውሮ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ሀይሌ ጋርመንት መጥቷል። ጥያቄውም «አትክልት ተራ እዚሁ አጠገባችን ሆኖ ሳለ ሽንኩርት አንዳንዴ ለምን ይወደዳል?» የሚል ነበር።

ከልጆቹ አንዱ «ነጋዴ ስለሚደብቅ ነው» አለ። ሌላው «መንገድ ስለሚበላሽ» አለ። አንዷ «ዝናብ ስለሚያበላሸው» አለች። መምህርቷ የትኛው ልክ እንደሆነ ሳትናገር ሁሉንም ሰሌዳ ላይ ጻፈችና «እንዴት እናጣራ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

ለአራት ሳምንታት የየቤታቸውን የሽንኩርት ዋጋ እየመዘገቡ አመጡ። ከዚያ ሠንጠረዥና ግራፍ ሠሩ፤ ይህ ሒሳብ ነው። ሽንኩርቱና ቲማቲሙ ከመቂና ከባቱ፣ ሙዙ ከአርባ ምንጭ እንደሚመጣ ካርታ ላይ ፈለጉ፤ ይህ አካባቢ ሳይንስ ነው። ያገኙትን በአንድ ገጽ ጻፉ፤ ይህ አማርኛ ነው። መሐል ላይ መስኖ ምን እንደሆነ የማያውቁ ብዙ ልጆች እንዳሉ መምህርቷ ስታይ፣ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ወስዳ እንደ ድሮው ሰሌዳ ላይ አስተማረቻቸው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

እኛ ቤት የምታግዘን እህት ከመቂ አካባቢ የመጣች ናት። ልጄ ደብተር ይዛ ማዕድ ቤት ገባች። «ሽንኩርት ዝናብ ሲበዛበት ይታመማል፣ ይበሰብሳል» አለቻት። «እኛ ጋ በበጋ በመስኖ ነው የሚለማው። መጀመሪያ ችግኙ መደብ ላይ ይፈላል፣ ሲጠነክር ይዛወራል።» ልጄ በዚያ ምሽት ያልጠየቀቻት የለም። የቡድኑ ሥራ ተጠናቆ ሲመጣ «መረጃ የሰጡን» በሚለው ሥር የዚህች እህት ስም ከነአባቷ ስም ተጽፎ ነበር። ሁለት ዓመት አብራን ስትኖር ስለ ሽንኩርት ይህን ሁሉ እንደምታውቅ ጠይቋት የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

የወላጆች ስብሰባ

ሰኔ ላይ ወላጆች ተጠራን። ርዕሰ መምህሩ ዘዴው ከመስከረም ጀምሮ በሁሉም ክፍሎች እንደሚገባ ነገሩን። እጅ መነሳት ጀመረ። «ደብተሩ ባዶ ነው፤ ልጄ ምን ተማረ ልበል?» «መምህሩ ካላስተማረ የምንከፍለው ለምንድን ነው?» «ለ6ኛ ክፍል ፈተና ማን ያዘጋጅልናል?» ከኋላ ደግሞ አንድ አባት «ደረጃ ይወጣል ወይስ ቀረ?» አሉ።

ብዙ ሰው ሳቀ፤ ጥያቄዎቹ ግን የዋዛ አይደሉም። የ6ኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና አለ፣ የ8ኛም አለ፣ የ12ኛም ይመጣል። ክፍያውም በየዓመቱ ይጨምራል። ወላጅ ገንዘቡ የት እንደገባ ለማየት ያለው መስኮት የልጁ ደብተርና ሪፖርት ካርድ ነው። ያን መስኮት ዘግቶ «እመኑን» ማለት አይበቃም።

የሌላኛውን ወገን ሥጋትም እንመልከት። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው፣ መኮራረጅ በተዘጋበት ሁኔታ ሲፈተኑ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ቁጥሩ 5.4 በመቶ ነበር። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ በአንድ የማስተማር ዘዴ አይላከክም። ነገር ግን ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ደብተራቸው ሙሉ ነበር። ደብተር መሙላት ለማወቅ ዋስትና ቢሆን ኖሮ ውጤቱ ይህን አይመስልም ነበር።

እኔ ራሴ የፕላዝማ ትውልድ ነኝ። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሁለተኛ ደረጃ የተማራችሁ ታስታውሱታላችሁ። የቴሌቪዥኑ መምህር ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሴኮንዶች ይቆያል፣ ከዚያ እኛ እስክሪብቶ ሳናነሳ ራሱ ይመልሳል። የክፍላችን መምህር ቆሞ አብሮን ያያል። ጥያቄ ነበረ፤ ጠያቂው ግን መልስ አይጠብቅም ነበር።

እንግዳ ነገር አይደለም

ይህ ዘዴ የፈረንጅ ፋሽን ነው የሚሉ አሉ። በእርግጥ አሜሪካዊው ጆን ዱዊ በ1896 እ.ኤ.አ. በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በከፈተው ትምህርት ቤት ልጆች ምግብ በማብሰልና በእንጨት ሥራ ሳይንስና ሒሳብ ይማሩ ነበር። እኛ ጋ ግን የቅኔ ቤት አለ። የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ሰምቶ ቢደግም ተማረ አይባልም፤ የራሱን ቆጥሮ መምህሩ ፊት ማቅረብ አለበት። የሚጀምረው ሁለት ቤት ብቻ ካለው ጉባኤ ቃና ነው፤ ደረጃ በደረጃ ወጥቶ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል።

ከዚያ በፊት ግን ፊደል ቆጥሯል፣ ዳዊት ደግሟል፣ ግስ አጥንቷል። ግስ የማያውቅ ቅኔ አይቆጥርም። ቀደም ሲል ልብ በሉልኝ ያልኳችሁ የመስኖው ትምህርት እዚህ ላይ ይገባል። በ2006 እ.ኤ.አ. ፖል ኪርሽነር፣ ጆን ስዌለርና ሪቻርድ ክላርክ የተባሉ ተመራማሪዎች ብዙ ያከራከረ ጽሑፍ አውጥተው ነበር። ጀማሪ ተማሪን ያለ በቂ ምሪት «ራስህ ፈልገህ አግኝ» ማለት ውጤት የለውም፣ አእምሮው በአንድ ጊዜ ሊይዝ ከሚችለው በላይ ይጫንበታል የሚል ነበር መከራከሪያቸው። በዚህ ነጥብ ልክ ናቸው። ማንበብ ያልቻለን የ1ኛ ክፍል ልጅ «ምርምር አድርግ» ማለት ግስ ሳያስተምሩ ቅኔ መጠየቅ ነው።

ለዚህ ነው ባለሙያዎች ዘዴውን በአራት ደረጃ የሚከፍሉት። በመጀመሪያው ደረጃ መምህሩ «ተክል ብርሃን ይፈልጋል» ብሎ ይነግራል፣ ልጆቹ ባቄላ ተክለው እውነት መሆኑን ያያሉ። በሁለተኛው ጥያቄውና አሠራሩ ከመምህሩ፣ መልሱ ከልጆቹ ይመጣል። በሦስተኛው ጥያቄው ብቻ ከመምህሩ ነው፤ እንዴት እንደሚያጣሩ ልጆቹ ያቅዳሉ። በአራተኛው ጥያቄውም የልጆቹ ነው። የ1ኛ ክፍል ልጅ ከታች ይጀምራል፤ 6ኛ ክፍል ሲደርስ አራተኛውን መሞከር ይችላል።

ዘዴው በአንድ ጎበዝ መምህር ክፍል ብቻ ቢቀር ብዙ የማይራመደውም በዚሁ ምክንያት ነው። በ3ኛ ክፍል «ለምን?» ማለትን የለመደች ልጅ 4ኛ ክፍል ገብታ «ዝም ብለሽ ጻፊ» ከተባለች፣ በአንድ ወር ውስጥ ትተወዋለች። ደረጃው መሰላል ነው፤ ከየክፍሉ አንድ እርከን ይጠበቃል።

ለምዝገባ ስትሄዱ

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ስለ ችግር ፈቺ ዜጋ ሲናገር ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነው። በመሐል 1ለ5 አደረጃጀት መጥቶ ነበር፤ የቡድን ሥራም አለ፤ ብዙ ጊዜ አንዱ ይሠራል፣ አራቱ ስም ያስጽፋሉ። ስም መቀየር ቀላል ነው። ስለዚህ ባነር ያወጣ ሰው ባነሩን በጥያቄ ሲፈትኑት ምን እንደሚሰማው ከማውቅ ባለሙያ እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ውሰዱ።

1. መምህራኑ አብረው የሚያቅዱበት ሰዓት በፕሮግራማቸው ውስጥ አለ? የአንድ ቀን ሥልጠና ሰጥተናል የሚል መልስ በቂ አይደለም። እንዲህ ያለ ትምህርት ዝግጅቱ ይበዛል፤ ቀኑን ሙሉ ክፍል ለክፍል የሚሮጥ መምህር ጊዜውን ከየት ያመጣዋል?

2. በአንድ ክፍል ስንት ልጆች አሉ? ብዙ ከሆኑ፣ ሁሉም እንዲናገሩ ምን ታደርጋላችሁ?

3. ተከታታይ ምዘናው ምን ይመዝናል? ልጁ የጠየቀውና ያስረዳው ነገር ማርክ አለው? ወይስ ማርኩ በሙሉ ከእውነት ሐሰት ነው?

4. ንባብና የማባዛት ሰንጠረዥ መቼና እንዴት ይጠናሉ? «እነሱን ትተናቸዋል» ካሉ ሽሹ። «ለብቻቸው ጊዜ አላቸው» ካሉ ተቀመጡ።

5. ባለፈው መንፈቅ ዓመት ልጆች የሠሩትን አንድ ሥራ ማየት እንችላለን? ይህ ዋናው ነው። ዘዴው በእውነት ካለ የሚታይ ነገር ይኖራል። ከሌለ ብሮሹር ይሰጧችኋል።

እኛ ስብሰባ ላይ የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረቱ አንድ ሐሳብ አቀረበ። በየመንፈቅ ዓመቱ አንድ ቅዳሜ ልጆች ሥራቸውን ለወላጅ ያስረዱ፤ የ6ኛ ክፍል ፈተና ዝግጅትም በግልጽ በፕሮግራም ይያዝ። ትምህርት ቤቱ ተስማማ። ደረጃ ይውጣ አይውጣ የሚለው ግን ገና አልተቋጨም፤ በሚቀጥለው ስብሰባ እንደገና የምንሟገትበት ይመስለኛል። ወላጅ ደብተሩን ትቶ ሌላ መስኮት እንዲጠቀም ከተፈለገ፣ ሌላ መስኮት ሊከፈትለት ይገባል።

እቤት ደግሞ

ሜሪ በድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ መምህራን ጥያቄ ጠይቀው ስንት ጊዜ እንደሚጠብቁ ለክተው ነበር። አብዛኞቹ አንድ ሴኮንድ ያህል ብቻ ይጠብቃሉ። ወደ ሦስት ሴኮንድ ሲያሳድጉት የልጆቹ መልስ ረዘመ፣ ዝም ይሉ የነበሩት መናገር ጀመሩ፣ ልጆቹ ራሳቸው መጠየቅ አበዙ። ሦስት ሴኮንድ ነጻ ነው፤ ክፍያ አይጨመርበትም።

ክረምቱ ረጅም ነው፣ ልጆቹም እቤት ናቸው። እንጀራ ለምን ዓይን ያወጣል? የጤፍ ሊጥ በሁለት ዕቃ አቡኩ፤ አንዱ ውስጥ እርሾ ጨምሩ፣ አንዱን ያለ እርሾ ተዉት። ልጆቹ መጀመሪያ ግምታቸውን ይጻፉ። ጠዋትና ማታ እየከፈቱ ይዩ፣ ያሽትቱ፣ አረፋውን ይመልከቱ፣ ቀኑን ይመዝግቡ። ከዚያ ሁለቱንም ጋግራችሁ ዓይኑን አስቆጥሩ። «ምን ይመስላችኋል?» በሉና ሦስት ሴኮንድ ጠብቁ። የሚመልሱትን ባታውቁት እንኳ ግድ የለም፤ «እስቲ እናጣራ» ማለት ይበቃል። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይላል የአገራችን ሰው፤ ካለመጠየቅም ብዙ ነገር ይቀራል።

ወር ሰው ይበለን!