«ዶክተር፣ የሚሻለው የውጭው ነው የሀገር ውስጡ?»



ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ስለ ቤት ውስጥ የሕክምና መሣሪያ ናቸው። «እናቴ ግፊት አለባት፣ መለኪያ ልገዛላት ነው፤ የቻይናውን ልተወው?» «ለአባቴ ዊልቸር ከውጭ እስኪላክ ልጠብቅ ወይስ እዚሁ ላሠራ?» «እህቴ ከአሜሪካ ልትመጣ ነው፣ ምን ይዛ ትምጣ?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። አንዴ የማይሆን ዕቃ የገዛ ቤተሰብ ሁለተኛ የሚገዛበት ገንዘብ የለውም።

አቋሜን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ዕቃው ላይ የተጻፈው የአገር ስም ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። እኔ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ የሚያሳየው ቁጥር ይታመናል ወይ? ከዓመት በኋላስ እየሠራ ይገኛል ወይ? በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ስንለካው፣ አንዳንዱ ላይ የሀገር ውስጡ በግልጽ ይበልጣል። አንዳንዱ ላይ ደግሞ ገና ነው።

ዊልቸርና ክራንች፦ እዚሁ አሠሩ

ከውጭ የሚመጣው ተጣጣፊ ዊልቸር አብዛኛውን ጊዜ ለሆስፒታል ኮሪደር የተሠራ ነው። የፊት ጎማዎቹ ትናንሽ ናቸው፤ ኮብልስቶን ላይ ይሰነቀራሉ፣ ጭቃ ላይ ይሰምጣሉ። አንድ ጎማ ከተሰበረ መለዋወጫው አይገኝም፣ ዊልቸሩም ጓሮ ይጣላል። እዚህ ወርክሾፕ ውስጥ የተሠራውን ግን ብረቱ ቢላቀቅ የሰፈር በያጅ ይበይደዋል።

ይህ የሀገር ፍቅር ስሜት ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መመሪያ ተስማሚ ዊልቸር ማለት ለተጠቃሚው አካልና ለሚኖርበት አካባቢ የሚመች፣ እዚያው አገር ውስጥ የሚገኝና የሚጠገን ነው ይላል። ስታሠሩ ግን «ዝም ብለህ ሥራልኝ» አትበሉ። ተጠቃሚው በአካል ተገኝቶ የዳሌው ስፋትና የእግሩ ርዝመት ይለካ፣ ትራስም ይኑረው። በተለይ ከወገብ በታች ስሜት ለሌለው ሰው ያልተለካ ወንበር የመቀመጫ ቁስል ያመጣል፤ ቁስሉ ደግሞ ሕይወት እስከመቅጠፍ ይደርሳል።

የግፊትና የስኳር መለኪያ፦ ማስረጃ ያለውን ብቻ

ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ የምናያቸው መለኪያዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውጭ የገቡ ናቸው። ግን «የውጭ» የሚለው ቃል ራሱ ያሳስታል። ኦምሮን የጃፓን ድርጅት ነው፤ መለኪያዎቹን ቻይናና ቬትናም ባሉ ፋብሪካዎቹም ያመርታል። ስለዚህ «የቻይና ነው» ብሎ መጣልም «የጃፓን ነው» ብሎ ማመንም አይበቃም።

የሚበቃው ፈተና ማለፉ ነው። በዓለም አቀፉ መስፈርት አንድ የግፊት መለኪያ ቢያንስ 85 ሰዎች ላይ ይሞከራል። ከትክክለኛው ልኬት ጋር ያለው አማካይ ልዩነትም ከ5 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ መብለጥ የለበትም። ፈተናውን ያለፉትን ሞዴሎች ስትራይድ ቢፒ የተባለው ድረ ገጽ በነፃ ይዘረዝራል። ከመግዛታችሁ በፊት የሞዴሉን ቁጥር እዚያ ፈልጉ። ክንድ ላይ የሚታሰረውን ምረጡ እንጂ የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረውን ተዉት። የሚጠመጠመው ጨርቅም ለክንዳችሁ ውፍረት ልክ መሆኑን እዩ፤ ከጠበበ ግፊቱን ከፍ አድርጎ፣ ከሰፋ ደግሞ ዝቅ አድርጎ ያሳያል።

ነገ «የሀገር ውስጥ ምርት» የሚል የግፊት መለኪያ ገበያ ላይ ብናይስ? ደስ ይለኛል፣ ግን ያንኑ ጥያቄ እጠይቀዋለሁ። ተገጣጥሞ ነው ወይስ ተመርቶ? በምን ያህል ሰው ላይ ተሞከረ? ውጤቱ የት ታተመ? የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መዝግቦታል? በዚህ ቁጥር መድኃኒት ስለሚጨመርና ስለሚቀነስ «የራሳችን ነው» ተብሎ አይታለፍም።

በሻንጣ የመጣ ዕቃ

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ዘመድ በፍቅር ይልካል፣ ዕቃውም ጥሩ ሊሆን ይችላል። ችግሩ ለሌላ አገር የተሠራ መሆኑ ነው።

አንድ ቤተሰብ ስኳር ያለባቸውን እናታቸውን ይዘው መጡ። ልጃቸው ከለንደን መለኪያ ልካላቸዋለች። መለኪያው 12 አሳየ። «ከ70 በታች ከሆነ ስኳር ስጧቸው» ተብለው ስለነበር ደንግጠው ስኳር በጥብጠው አጠጧቸው። የእንግሊዝ መለኪያ ግን የሚያነበው በሚሊ ሞል በሊትር ነው፤ እኛ የምንጠቀመው ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ነው። ቁጥሩ በ18 ሲባዛ 216 ይሆናል። ስኳራቸው ከፍ ብሎ ሳለ ሌላ ስኳር ተጨመረበት ማለት ነው። ቤተሰቡ የተነገረውን ነው ያደረገው፤ መለኪያው በሌላ ቋንቋ ነበር የሚያወራው።

ስትሪፑም ሌላ ጣጣ ነው። የተላከው ሲያልቅ እዚህ ያ ዓይነት አይገኝም፣ መለኪያውም መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ኔቡላይዘርም እንደዚሁ፦ የአሜሪካው በ110–120 ቮልት ነው የሚሠራው። የእኛ መብራት 220 ነው፤ እንዳለ ከሰካችሁት ይቃጠላል። አስም ያለበት ልጅ ሌሊት ትንፋሽ ሲያጥረው ይህ እንዲደርስ አትፍቀዱ።

የሀገር ውስጥ ምርት ለምን ያስፈልገናል?

«እንግዲያው ከውጭ ብቻ እየገዛን እንኑር» ማለቴ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ ሲገባ ብዙ አገሮች ማስክና የሕክምና መሣሪያ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከልክለው ነበር። ያኔ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ማስክ መስፋቱ ምን ያህል እንደጠቀመን አንርሳ።

ሌላም ምክንያት አለ። ጣት ላይ የሚሰካውን የኦክስጅን መለኪያ ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2020 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ የወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ መለኪያው ደህና ነው እያለ ኦክስጅናቸው በትክክል የወረደ ሰዎች በጥቁሮች ላይ ከነጮች ወደ ሦስት እጥፍ እንደሚጠጉ አሳይቷል። በእኛ ቆዳ፣ በእኛ ክንድ ላይ የሚሞከር መሣሪያ ያስፈልገናል። አምራቾቻችን ከውጭው ሊበልጡ የሚችሉት እዚህ ላይ ነው፤ ስትሪፑን ሳያቋርጡ ማቅረብና የፈተናቸውን ውጤት ለሕዝብ ማሳየት ከቻሉ፣ መጀመሪያ የማዘው እኔ ነኝ።

ዛሬ ቤታችሁ ላለው መለኪያ

1. የግፊት መለኪያችሁን ለቀጠሮ ስትመጡ ይዛችሁ ኑ። 5 ደቂቃ ከተቀመጣችሁ በኋላ በዚያው ክንድ ላይ ከእኛው ጋር እየተፈራረቀ ይለካ። በአማካይ ከ10 በላይ ከተለያዩ አትመኑት።
2. ላብራቶሪ ለስኳር ደም ስትሰጡ በዚያው ሰዓት በራሳችሁ መለኪያም ለኩ። ላብራቶሪው 200 ካለ፣ የእናንተው ከ170 እስከ 230 መሆን አለበት።
3. ስኳር መለኪያ ስትገዙ መጀመሪያ የስትሪፑን ዋጋና በስንት ፋርማሲ እንደሚገኝ ጠይቁ። መለኪያው የሚገዛው አንዴ ነው፣ ስትሪፑ ግን ሁልጊዜ።
4. ከውጭ ለሚልክላችሁ ዘመድ ይህን ጽሑፍ ላኩለት። ከመለኪያው ይልቅ ገንዘቡን ቢልክላችሁና እዚሁ ስትሪፑ የሚገኝለትን ብትገዙ ይሻላል።

ቁጥሩ ግራ ካጋባችሁ መድኃኒት በራሳችሁ አትጨምሩ፣ አታቋርጡም፤ አቅራቢያችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተለኩ።

ጤና ይብዛላችሁ!